ጣሰው ሳልመን ሊያጠምድ ሲወጣ

ጣሰው ሰው መጠየቅ አይወድም። አሜሪካ፣ ዴንቨር ዳውንታውን፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ብቻውን ሲነካካ ያበላሻል እንጂ «ይሄ እንዴት ነው?» ብሎ አያውቅም። ሚስቱ ጤናዬ ትታው ሊትልተን ወደሚባለው ከተማ ስትሄድ እንኳ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ሻንጣዎቿን መኪና ላይ ጭኖላት ወደ ቤቱ ገባ። ልክፍት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

የቀረችው አንዲት ልጁ ትህትና ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቷ ቤት ያመጣታል፤ አውሮራ ባለው ጠባብ ቤቱ እሷ ስልኳን፣ እሱ እሷን ሲያዩ ይመሻል። በመስከረም መጨረሻ ጤናዬ ደውላ «ከእንግዲህ አላስገድዳትም። መምጣት ከፈለገች ትምጣ፤ ካልፈለገች የራሷ ጉዳይ ነው» አለችው። ጣሰው ክው አለ። ልጅቷን በምን እንደሚያስቀራት ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ትዝ አለው።

ከጓደኞቹ ከአስቻለውና ከንዋይ ጋር ጥቅምት በመጣ ቁጥር ተራራው ላይ ወዳለው፣ ጥድ ወደከበበው ሐይቅ መሄድ ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እነሱ ሁልጊዜ ባልዲ ሙሉ ቀይ ሳልመን ይዘው ይመለሳሉ። ጣሰው ግን ትራውት ከሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች በቀር አንድም ነገር ይዞ አያውቅም። «ምርጡን ቦታ ላንተ ትተንልሃል» ብለው አንድ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡትና ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት ወደ ማዶ ይዞራሉ። ሲመለሱም «ትሉ ቀጭን ሆኖብህ ነው» ይሉታል። በሚቀጥለው ዓመት ወፍራም ትል ይዞ ይመጣል። የእነሱ ዓሣዎች ጎናቸው ተቦጭቆ እያየ እንኳ ምን እንደነካቸው አልጠየቀም።

«ሳልመን እንዴት እንደሚያዝ አሳይሻለሁ» አላት ትህትናን። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እሷም እሺ ብላ መጣች። አስቻለው ደግሞ እኩያዋ የሆነችውን ልጁን ሳራን ይዞ መጣ።

ጣሰው እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ትሉን ሰካና ወረወረ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ቀያዮቹ ዓሣዎች በመንጠቆው አጠገብ ሽው እያሉ ያልፋሉ፤ አንዱም ዞር ብሎ አያየውም። ጣሰው «አሁን ይነክሳል፣ ቆይ» ይላታል። ትህትና ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። እዚያ ትልቅ ማስታወቂያ ተተክሏል። ጣሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ መኪና ሲያቆም አንድ መስመር አላነበበም። ሥራው ላይ ግን «ጽሑፍ አታነብም?» እያለ ስንቱን ሾፌር ያንጓጥጣል!

ልጅቷ እየሮጠች ተመለሰች።

«ዳድ፣ ሳይኑን አላየኸውም? ሳልመን በዚህ ሲዝን አይበላም! ሊትራሊ ምንም አይበላም። ዕንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። በትል አይያዝም፤ ሦስት ጥርስ ባለው መንጠቆ ጎኑን ወግተው ነው የሚጎትቱት። እዚህ ሌክ ላይ አላውድ ነው፤ ይፈቀዳል።»

ወዲያው አስቻለውና ንዋይ ባልዲያቸውን ሞልተው ከሳራ ጋር መጡ። ትህትና ፊቷ ቀልቶ ዞረችባቸው።

«ጋሽ አስቻለው፣ ታውቁ ነበር አይደል? ለምን አልነገራችሁትም?»

አስቻለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሦስት ዓመት እኮ ነው! ዘንድሮ ይነቃል፣ ከርሞ ይነቃል ስንል… ዊንተሩን ሙሉ የምንስቀው በሱ አይደል?» ንዋይም እንባው እስኪወርድ ተንከተከተ።

«ፈኒ አይደለም! እሱ ፍሬንዳችሁ ነው!» አለች ትህትና። አባቷ ፊት ቆማ፣ ከሁለት ትላልቅ ወንዶች ጋር ስለ እሱ ትሟገታለች። እንዲህ ስትቆምለት የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ቃል ብቻ ነበር ከሱ የሚጠበቀው። «አላወቅኩም ነበር» ቢል ያቺ ልጅ የሱ ነበረች። ጣሰው ግን የሚስቁትን ሁለቱን አየና አብሯቸው ሳቀ። እግዜር ይይለት!

«አውቃለሁ እኮ! እየቀለድኩ ነው። ትራውት ነው የማጠምደው። ደግሞ አንቺ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ምን ጥልቅ አደረገሽ? ይቅርታ በያቸው!»

ትህትና ትክ ብላ አየችው። «ዊኩን ሙሉ ሳልመን ነው ያልከኝ» አለች ቀስ ብላ። ጣሰው ጎንበስ ብሎ ትል መሰካት ጀመረ።

«ሶሪ፣ ጋሽ አስቻለው» አለችና ከሳራ ጋር ወደ ማዶ ሄደች። አስቻለው መንጠቆውን ሰጣት፤ ከምሳ በፊት አራት ሳልመን ጎትታ አወጣች። ሳቋ ውኃውን ተሻግሮ ጣሰው ጆሮ ይገባ ነበር። እሱ ትራውት ነው የማጠምደው ካለ በኋላ መነሳት አፍሮ እዚያው ድንጋዩ ላይ ዋለ። ስትመለስ በአስቻለው መኪና ሄደች።

ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ።

«ዳድ፣ ነገ አትምጣ። ሳራና ጋሽ አስቻለው ሌክ ይወስዱኛል።»

«እሺ።»

«ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜም… ለማሚ ነግሬያታለሁ።» ቀጥላም «ዳድ፣ ተቀየምክ እንዴ?» አለችው።

ጣሰው እንደ ምንም ሳቀ።

«ኧረ እኔ! እንዲያውም ደግ አደረግሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ገብቼ ትርፍ ሰዓት ልሥራ እያልኩ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር።»

ልጅቷ «ኦኬ» አለችና ዘጋችው።