ምላጩን የያዘ ይመርጣል

እትዬ ፅጌረዳ ባለቤታቸውን መላጨት የጀመሩት ወደው አይደለም። ጋሽ አክሊሉን ስትሮክ ሲመታቸው ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው አብረው ሄዱ። ከንግግር ሁሉ የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ «እምቢ»። ውሃ ሲጠማቸውም እምቢ፣ ሲጠግቡም እምቢ፣ ደስ ሲላቸውም እምቢ። የትኛው እምቢ ምን ማለት እንደሆነ የሚለዩት እትዬ ፅጌ ብቻ ናቸው። እኔ ሩቲ ከእነሱ በታች ባለው አፓርትመንት ስለምኖር ድምፃቸውን በጣሪያዬ በኩል እየሰማሁ ጥቂቱን ለምጃለሁ፤ ግን አሁንም እሳሳታለሁ።

ጋሽ አክሊሉ በንጉሡ ዘመን ስኮላርሺፕ አግኝተው አሜሪካ ሳን ሆዜ ለትምህርት የመጡ፣ ኋላም ኢንጂነር ሆነው ኦክላንድ ውስጥ እስከ ጡረታ የሠሩ ሰው ናቸው። መላጨት ያስተማሯቸው ያኔ ክፍል ያከራዩአቸው ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ ነበሩ። ክብ የመላጫ ሳሙና በእንጨት ሳህን፣ ወፍራም የፀጉር ብሩሽ፣ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሃይማኖት የሆነባቸው ይመስል አልቀየሩም። ክርስትና ላይም ይሁን ሠርግ ላይ አንገቱ ሽፍ ያለበት ወንድ ካዩ አገጩን ይዘው «ምንድን ነው የምትቀባው?» ብለው ይመረምሩት ነበር። ክሬም ካላቸው አለቀለት። «ክሬም ለመሞት ለቸኮለ ሰው ነው» ይሉታል፤ ከዚያ ስለ ሳሙና፣ ስለ ሙቅ ውሃ፣ ስለ አረፋ አመታት ይቀጥላሉ። እውነቱን ልናገር፣ ሲበዛ ያሰለቹ ነበር። ፊታቸው ግን አንድም ቀን ሽፍታ ታይቶበት አያውቅም።

እትዬ ፅጌ ደግሞ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ የሆቴል አንሶላ አጥበው፣ የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ገንዘብ እየተቀበሉ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከሩቅ ለሚያያቸው ዝምተኛ ይመስላሉ። «አይሆንም» የሚባል ነገር ሲሰሙ ግን ይነሣባቸዋል። ሃምሳን ካለፉ በኋላ መኪና ልንዳ ሲሉ ባልም ልጅም አይሆንም አሏቸው። ፈተናውን ደጋግመው ወድቀው፣ ደጋግመው ተመልሰው መንጃ ፈቃዱን አወጡ። አሁን 880 በሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ቀኝ ጥጉን ይዘው እያዘገሙ፣ ከኋላቸው ክላክስ የሚያደርገውን ሁሉ በመስተዋት እያዩ «ከቸኮልክ እለፋ!» ይሉታል። እኔ አብሬ ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ታዲያ ጋሽ አክሊሉ ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስላዘዘላቸው «በኤሌክትሪክ ማሽን ብቻ ይላጩ» አለ። ማሽን ተገዛ። በሳምንቱ የጋሽ አክሊሉ አንገት በቆሎ የተዘራበት ማሳ መሰለ፤ ፀጉሩ ተጠቅልሎ ወደ ቆዳው እየገባ አበጠ፣ መገለ። እትዬ ፅጌ ማሽኑን ካርቶኑ ውስጥ መልሰው የጋሽ አክሊሉን ሳህንና ብሩሽ አወረዱ። ሲያዩት ኖረዋል፣ ቀላል መስሏቸዋል። ያን ቀን ከጆሯቸው ሥር ቆረጧቸው፤ ደሙ አልቆም ስላለ አስቸኳይ ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ።

አንድያ ልጃቸው ሄለና ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ መጣች። ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ የምትኖረው ሳን ሆዜ። መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ናት ብል እዋሻለሁ። የአባቷን ፋሻ አየችና አጠገባቸው ተቀምጣ ጠርዙን በጣቷ አስተካከለች።

«ማሚ፣ አይ ካንት ዱ ዚስ ኤኒሞር፤ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች በመጨረሻ። «እኛ ሰፈር ጥሩ ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ዳዲ እዛ ይገባል፣ አንቺ እኔ ቤት ትሆኛለሽ። በየቀኑ ታዪዋለሽ።»

«እሱ አንድ ቤት፣ እኔ ሌላ ቤት?»

«ኢትስ ፋይቭ ሚኒትስ፣ ማሚ። የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።»

«አይሆንም።»

ተከራከሩ፣ ተላቀሱ። በመጨረሻ ሄለና አንድ ወር ሰጠቻቸው። በየቅዳሜው እየመጣች ታያለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ አባቷ ፊት ላይ ደም ካየች ይዛቸው ትሄዳለች። ፂም ይደግ እንዳይባል ጋሽ አክሊሉ ገና ሦስት ቀን ሲያልፈው እያከኩ ያደሙታል። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሎች አንድ ቤት መኖር አለመኖራቸው በመላጨት ላይ ተንጠለጠለ።

እትዬ ፅጌ ሳሙናውን እንደ ፈተና ተያያዙት። ውሃ ሲያሳንሱ አረፋው የጋሽ አክሊሉ ፊት ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲያበዙ ደግሞ እስከ ደረታቸው ይፈሳል። ደህና ቢወጣላቸው እንኳ እጃቸው ዘገምተኛ ነው፤ አንዱን ጉንጭ እስኪጨርሱ ሌላኛው ላይ ያለው ይደርቃል፣ ምላጩ ይፍቃል። ጋሽ አክሊሉ ይህን ሁሉ የሳሙና አመል በዓመታት ብዛት እጃቸው ውስጥ አስገብተውታል። እጁ ደግሞ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

«ይሄን ለመማር ሌላ ፊት ያስፈልገኛል» አሉኝ አንድ ቀን ብሩሹን እያጠቡ። «በሱ ፊት ላይ ልማር አልችልም። ለእኔ እጅ የሚቀል ነገር ልፈልግ፤ ነይ ፍሩትቬል ሰፈር እንሂድ።»

እዚያ ካለች ትንሽ ሱቅ የቱቦ ክሬም ገዛን። ቤት ስንመለስ የአተር ፍሬ ያህል ሳህኑ ውስጥ ጨምቀው በዚያው በጋሽ አክሊሉ ብሩሽ ሲያሹት ወዲያው አረፋ ሆነ። እጄ ላይ ቀብተው ሞከሩት፤ እኛ አውርተን እስክንጨርስ ድረስ እንደረጠበ ቆየ። እትዬ ፅጌ ብዙ ቀን ያላየሁትን ሳቅ ሳቁ። ክሬሙን ይዘው ወደ ጋሽ አክሊሉ ሲጠጉ ግን ሰውየው በአፍንጫቸው አወቁ። «እምቢ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይቺን እምቢ እኔም አልተሳሳትኩባትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች ጦርነት ነበሩ። አንድ ቀን ግማሹን ተላጭተው ግማሹን አላስነካም አሉ፤ ፂሙንና ልጩን አንድ ላይ ይዘው ዋሉ። በዚያው ቀን የድሮ የትምህርት ጓደኛቸው አቶ እስጢፋኖስ ሊጠይቁ መጡ። ጉዳዩን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፅጌ፣ ሳሙናው ለአክሊሉ ክብሩ ነው» አሉ። «ሁሉን ነገር አጥቷል፤ ይቺን እንኳ አትንፈጊው።»

እትዬ ፅጌ ብሩሹንና ምላጩን አምጥተው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። «እንግዲያው ክብሩን ጠብቁለት። ይኸው፣ ሳሙናውም አለ።»

አቶ እስጢፋኖስ ምላጩን እባብ የያዙ ይመስል አዩት። መኪናቸውን መቆም በተከለከለበት ቀይ መስመር ላይ እንዳቆሙ ትዝ አላቸው። ኮፍያቸውን እንኳ ረስተው ነው የወረዱት።

ሦስት ቅዳሜ በመከራ አለፈ፤ አራተኛው ሲቀርብ እትዬ ፅጌን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንዲህ አዝነው አይቻቸው አላውቅም። «ደም አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ሩቲ» አሉኝ። «ደም ይቆማል። የሚያስፈራኝ ጠዋት ተነሥቼ የምጨቃጨቀው ሰው ማጣት ነው። እዚያ ቤት አልጋ ላይ ሆኖ እምቢ ሲል ምን እንደፈለገ ማን ያውቅለታል?»

«ታዲያ ዓርብ ጠዋት ይላጩዋቸው» አልኳቸው። «ትንሽ ቢጫርም እስከ ቅዳሜ ይደርቃል። ሄለና አታይም።»

ተቆጡኝ። «ደብቄ የምላጨው ሌባ ነኝ እንዴ? ልጄ ፊት ነው የምላጨው።»

ቅዳሜ ሄለና ስትገባ ጋሽ አክሊሉ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አንገታቸው ላይ ፎጣ፣ አጠገባቸው ሙቅ ውሃ። እኔ ምናልባት ካስፈለግሁ ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። እትዬ ፅጌ ክሬሙን ሳህኑ ውስጥ ጨመቁ። ጋሽ አክሊሉ አሸተቱ።

«እምቢ!» ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ሲ፣ ማሚ? አየሽ? እሱም አልፈለገም» አለች ሄለና።

እትዬ ፅጌ ዞረው በግድግዳውና በባላቸው መካከል ገቡ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ጉልበታቸው የጋሽ አክሊሉን ጉልበት ነካ።

«አክሊሉ፣ ስማኝ» አሉ። «ሳሙናህ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለአንተ እጅ ጥሩ ነበር፣ ለእኔ እጅ ግን አልሆነም። እጅህ የተመለሰ ቀን እስከ ማታ አረፋ ስትመታ ዋል፣ አልናገርህም። አሁን ግን ምላጩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የምመርጠውም እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት አንተ መረጥክ፤ ይበቃሃል።»

ጋሽ አክሊሉ እምቢ አሉ፤ ግን አልዞሩም። እትዬ ፅጌ ግራ ጉንጫቸውን ቀቡና ከላይ ወደ ታች ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ ምላጩን እያጠቡ፣ የረሱትን ቦታ እንደገና እየቀቡ ሄዱ። ክሬሙ አልደረቀም። እኔም መተንፈስ ጀምሬ ነበር። አገጫቸው ሥር ሲደርሱ ጋሽ አክሊሉ ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ፣ ምላጩ ያዛቸው። ነጩ አረፋ ላይ ቀይ ነገር ወረደ።

ሄለና ብድግ አለች። «ዛትስ ኢት። አበቃ።» ቁም ሳጥኑን ከፍታ የአባቷን ካፖርት አወጣች። «ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ዛሬ ይዤው እሄዳለሁ።»

እትዬ ፅጌ ፎጣውን ቁስሉ ላይ ተጭነው ቀና አሉ። 

«አባትሽ ራሱን ሲላጭ ስንት ጊዜ ደማ? አገጩ ላይ የሶፍት ቁራጭ ለጥፎ ቁርስ ሲበላ እያየሽ አይደል እንዴ ያደግሽው? ያኔ ከቤቱ ያወጣው ማነው? በራሱ እጅ ሲደማ መላጨት ነው፣ በኔ እጅ ሲደማ ወንጀል ነው?»

«ያኔ መድኃኒቱን አይወስድም ነበር!» ሄለና አለቀሰች። ሲጨንቃት አማርኛዋ ይስተካከላል። «ደሙ ባይቆምስ? እኔ እንዳላጣው ብዬ እኮ ነው!»

«እኔስ?» አሉ እናቷ። «አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ስለዚህ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ። እስኪቆም እቆማለሁ። እዚያ ቤት ፊቱን ሲያዞር አብሮት ዞሮ የሚቆም ሰው ካለ ንገሪኝ፤ ካለ ውሰጂው።»

ሄለና ካፖርቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

ያን ጊዜ ጋሽ አክሊሉ ግራ እጃቸውን አነሡ። ፎጣውን ከእትዬ ፅጌ እጅ ወስደው ቁስላቸው ላይ ራሳቸው ተጫኑት። ቀጥሎ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ፤ ያው ወደ ግድግዳው ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን ያልተላጨውን ቀኝ ጉንጫቸውን ወደ ሚስታቸው አቀረቡ። ከዚያ ደህናውን የአፋቸውን ጫፍ ወደ ግራ ሳብ አድርገው፣ ወንዶች መስተዋት ፊት ቆመው ሲላጩ እንደሚያደርጉት፣ የላላውን ጉንጭ ለምላጩ ወጠሩላቸው።

እትዬ ፅጌ ልጃቸውን ዞረው አላዩም። ብሩሹን አንሥተው ጉንጩን መቀባት ጀመሩ።

«ውሃው ቀዝቅዟል፣ ሙቅ አምጪልኝ» አሉ፤ ሄለናም ካፖርቱን እንዳቀፈች ወደ ኩሽና ሄደች።