የቨርኒስ ሳህን፣ የኦዜላ ክዳን

ጎርፉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 የካቲት ውስጥ ነው። ነው እላለሁ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። አክስቴ ኦዜላ ሚንተር ኮኩ አብቦ ነበር ይሉ ነበር፤ ኮክ ደግሞ በኛ አገር ከመጋቢት በፊት አያብብም። ታላቅ እህታቸው ቨርኒስ በበኩላቸው፣ አበባ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ውርጭ ነበር፣ ወንዙ ዳር ቆመን እጃችን ደንዝዞ ነበር ይሉ ነበር። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናታቸው በሞቱ ሰሞን የቶምቤካ ወንዝ ሞልቶ፣ ጀልባው በሰንሰለት ታስሮ፣ የሚሻገር ሰው አልነበረም።

አክስቴ የምላቸው በሥጋ አክስቴ ሆነው አይደለም። በኛ ዘንድ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሁሉ የመንደሩ አክስት ናት። ከቤታችን እስከ ቤታቸው መሀል ላይ የነበረው አንድ የበለስ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ወፎቹ እንጂ እኛ በልተነው አናውቅም።

ወንዙ አውራጃችንን ለሁለት ይከፍለዋል። ሰሜኑ ጥቁር አፈር ነው፤ ጥጥ ይወደዋል፣ ጌቶችም ወደውት ኖረዋል። ደቡቡ አሸዋና ጥድ ነው። አያቶቻችን ከባርነት ሲወጡ ገሚሶቹ ማንም ያልፈለገውን አሸዋ እየገዙ ወደ ደቡብ ተሻገሩ፤ ገሚሶቹ እዚያው ጥቁሩ አፈር ላይ የሰው መሬት በእኩል እያረሱ ቀሩ። የኛዎቹ እነዚያን "ጭቃ እግር" ይሏቸዋል፤ እነሱም እኛን "ጥድ በል" ይሉናል። የኦዜላና የቨርኒስ አባት ጭቃ እግር ነበሩ፣ እናታቸው ጥድ በል። አባት ቀድመው ሞተው በሰሜን፣ ከወገኖቻቸው ጋር ተቀበሩ። እናት ግን ታመው የተኙት በደቡብ፣ ኦዜላ ቤት ነው። "ከአባታችሁ ጎን አድርጉኝ" ብለው ተናዘዙ። ከዚያ ጎርፉ መጣ።

ኦዜላ ወንዙ እስኪጎድል ጠበቁ። ሬሳ የማይጠብቅበት ቀን ሲደርስ እናታቸውን እዚሁ አሸዋው ላይ ቀበሩ። ቨርኒስ ከማዶ ሆነው የኛን ቤተ ክርስቲያን ደወል ሰሙ፤ የእናታቸውን ቀብር ያወቁት በደወሉ ነው ይባላል። ወንዙ ሲጎድል ተሻግረው መጡ፣ መቃብሩ ላይ ቆሙ፣ ቤት ሳይገቡ "ትንሽ መጠበቅ አቃተሽ" አሉና ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ለእህታቸው ቃል አልተነፈሱም።

ሳህኑ ግን ቀርቶ ነበር።

በኛ ዘንድ የሰው ሳህን አይቀርም፤ ሲመለስም ባዶውን አይመለስም። ባዶ ሳህን የመለሰ ሰው "ከእንግዲህ በቃን" ማለቱ ነው። ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም። ቨርኒስ ለታመሙት እናታቸው ሾርባ የላኩበት፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ጎድጓዳ ሳህን ኦዜላ ቤት ነበር። ተጣሉ አልተጣሉ፣ ሳህን ሳህን ነው። ኦዜላ የኮክ ማርማላታ ሞልተው፣ በራሳቸው ክዳን ከድነው ላኩት። አሁን ደግሞ ክዳኑ የሰው ዕቃ ሆነ። ቨርኒስ ክዳኑ ላይ ኬክ አስቀመጡና ያንኑ ሳህናቸውን ደፍተውበት መለሱ። ሳህኑ እንደገና ኦዜላ ቤት ገባ። ቨርኒስ ኬኩን በወረቀት ጠቅልለው ቢልኩት ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባበቃ ነበር። ወረቀት ጠፍቶ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ጀልበኛው ነበር የሚያመላልሰው። ድልድዩ ተሠርቶ ጀልባው ሲቀር፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሰሜን ባለው ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ስጀምር፣ ሥራው ወደ እኔ ዞረ። ሰኞ ጠዋት ከኦዜላ እቀበላለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቨርኒስ በረንዳ አነሳለሁ።

አክስቴ ኦዜላ ሁልጊዜ ቆመው ነው የሚገልጡት። ያሸታሉ፤ በጣታቸው ጫፍ ይቆነጥራሉ።

"ቅቤ ቆጥባለች" ይላሉ። "ምን ታድርግ፣ ከልጅነቷም እጇ ቋጣሪ ነው።" ከዚያ ኬኩን እስከ ፍርፋሪው ይጨርሱታል።

ቨርኒስም አይተናነሱም። "ባቄላው ጨው በዝቶበታል" ይሉኛል።

"ራስዎ ቢነግሯቸውስ፣ አክስቴ?"

"እኔ ከእሷ ጋር አልነጋገርም።"

"እሺ፣ እና ምን ልበላቸው?"

"ምንም አትበላት። ጨው ቀንሺ በላት።"

ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቴ ኦዜላ የእናታቸውን መቃብር በቅርንጫፍ መጥረጊያ ይጠርጉ ነበር። የኛ መቃብር ላይ ሣር አይበቅልም፤ አሸዋው ተጠርጎ የመጥረጊያው መስመር መታየት አለበት፤ አለዚያ ሟቹ ዘመድ የለውም ይባላል። ከመቃብሩ ጎን በአራት ጡብ ያጠሯት ክፍት ቦታ ነበረች።

"ይቺ የኔ ናት" አሉኝ አንድ ቀን። "እማዬን ከአባዬ ለየኋት። ቢያንስ ብቻዋን አልተዋትም።"

"ቨርኒስ ይቅር ቢሉዎትስ?"

"ይቅርታው ይቆየኝ፣ ዴልማር። አንድ ቀን 'ኦዜላ' ብላ በስሜ ብትጠራኝ ይበቃኛል። ግን በቁሜ ይሁን። ከሞትኩ በኋላ ብትጠራኝ አልሰማትም።"

ትምህርት በተዘጋበት ዓርብ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሰው ከሌለበት የቨርኒስ በረንዳ ሳህኑን ሳነሳ ቀለለኝ። ብስኩት ይሆናል ብዬ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አክስቴ ኦዜላ እንደ ልማዳቸው ቆመው ገለጡት። ክዳኑም ሳህኑም ታጥበው፣ ተወልውለው፣ ባዶ ነበሩ።

ሳህኑን ገልብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"መኪናህ ውስጥ የወደቀ ነገር የለም?"

"የለም፣ አክስቴ።"

"አንተ በልተኸው ይሆናል። እናንተ የተማራችሁት ሆዳችሁ አይችልም።"

"አልበላሁም።"

"በልቼዋለሁ በለኝ እንጂ፣ ልጄ። አልቆጣህም።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። "የራሷን ሳህን ጨምራ ወረወረችልኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ከቤቴ ይውጣልኝ ማለቷ ነው።"

ያን በጋ ኮኩ ሳይለቀም ከዛፉ ሥር ወድቆ በሰበሰ። የማርማላታ ድስታቸው ከተሰቀለበት አልወረደም። ሳህኑ ማቀዝቀዣው ላይ ተደፍቶ ተቀመጠ፤ ቤት የገባ ሁሉ ያየዋል፣ የሚጠይቅ ግን የለም። የቨርኒስን ስም በአክስቴ ኦዜላ ፊት ማንሳት ድሮም አልተለመደም፤ አሁንማ ማን ደፍሮ! ቅዳሜ መቃብሩን ሲጠርጉ አይ ነበር። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ከዳር ይጀምራሉ።

እኔም ትምህርት ዝግ ስለነበር ወንዙን የምሻገርበት ጉዳይ አልነበረኝም። ሐምሌ ላይ ጎማ ላስጠግን ወዲያ ማዶ ሄድኩ። በቨርኒስ ቤት ሳልፍ በረንዳው ላይ ልብስ የምታሰጣ የማላውቃት ሴት አየሁና ቆምኩ። ታንያ እባላለሁ አለችኝ፤ የቨርኒስ የልጃቸው ሚስት ናት፣ ከዲትሮይት የመጣች።

"እማማ ቨርኒስን ፈልገህ ነው? አልሰማህም እንዴ? ግንቦት ላይ ስትሮክ መታቸው። ሞባይል በምትባለው ከተማ ሆስፒታል ከርመው ነው ያመጣናቸው። ግራ ጎናቸው አይሠራም። መናገርም አልቻሉም።"

"እህታቸው እኮ አልሰሙም!"

"እንዴት? አገሩ ሁሉ ያውቃል! እህታቸው ናቸው፣ ከኛ በፊት ሰምተዋል ብለን እኮ ነው። እንዲያውም አንዴም መጥተው አለማየታቸው አናዶኝ ነበር።"

"ሳህኑን በረንዳ ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ሆስፒታል በገቡ ማግስት ቤቱን ሳጸዳ አገኘሁት። ጎረቤቶች የኦዜላ ነው፣ አስተማሪው ዓርብ ይወስደዋል አሉኝ። አጥቤ አስቀመጥኩ።" ፊቴን አየችው። "ምነው፣ አልታጠበም ነበር?"

ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ወይ ጉድ! እኔ በምን አባቴ ላውቅ? እኛ ጋ ሰው ሳህን ሲመልስ ታጥቦ ነው፣ በቃ!" ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብላ አየችና፣ "ለዚህ ነው ታዲያ" አለች። "ደህና በሆነው እጃቸው ወደ ማእድ ቤቱ መደርደሪያ ይጠቁማሉ። ውኃ ስሰጣቸው ይቆጣሉ፣ ስኒ ስሰጣቸው ይቆጣሉ። የሚጠቁሙት ባዶውን ቦታ ነው።"

ጎማውን ሳላስጠግን ተመለስኩ።

አክስቴ ኦዜላ በረንዳቸው ላይ ሆነው አዳመጡኝ። "ሞታለች?" ነበር የመጀመሪያው ጥያቄያቸው።

"አልሞቱም። ግን አይናገሩም።"

"ማን? ቨርኒስ?" ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አንድ ድምፅ ከጉሮሯቸው ወጣ። "አርባ ዓመት እየቻለች ዝም አለችኝ። አሁን ደግሞ..." አልጨረሱትም። ስለ መደርደሪያው ስነግራቸው ግን ቀና አሉ።

"ውኃ አይደለም" አሉ።

"አይደለም፣ አክስቴ።"

"ውኃ ይሰጧታል እንዴ! ሞኞች!" ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሳህኑ ከማቀዝቀዣው ላይ ሲነሳ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ታንያ በፒክአፕ መጣች። አክስቴ ኦዜላ የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው በረንዳ ላይ ይጠብቋት ነበር። ሳህኑ ጭናቸው ላይ ነው፣ በክዳኑ ተከድኖ፣ በፎጣ ታስሮ። እግራቸው ሥር የቆመችው ግን ትልቋ ሻንጣ ናት፤ ለአንድ ቀን ጥየቃ የሚሄድ ሰው የሚይዛት አይደለችም።

"ምን ሠሩላቸው?" አልኳቸው።

"ስኳር ድንች። ማላመጥ እንዳይቸግራት አድቅቄዋለሁ። ቅቤም አልቆጠብኩም፣ ትወቅበት።"

"ስምዎን ባይጠሩስ፣ አክስቴ?"

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "እኔ ስሟን እጠራዋለኋ። ከሁለታችን አንዳችን መጀመር ነበረብን፤ ዕድሜ ልኬን እሷ ትጀምር ብዬ ተቀመጥኩ።"

ታንያ የአክስቴን ሻንጣ ከኋላ ጫነች። እኔ ክንዳቸውን ይዤ መኪናው ላይ ደግፌ አወጣኋቸው፤ ሳህኑን ግን ልያዝልዎ ብል አልሰጡኝም። በሩን ስዘጋ ቁልፋቸውን በመስኮቱ አቀበሉኝ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ የእማዬን ደጅ ጥረግልኝ" አሉ። "ሣር እንዳይበቅልባት።"

"እሺ።"

"ከዳር ነው የሚጀመረው። መሀሉን እንዳትረግጥባት።"

"እሺ፣ አክስቴ።"

እሺ ያልኩት ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው። በአራቱ ጡብ መሀል ያለችው ቦታ ዓይኔ ላይ መጥታ ነበር። እህትዎ ጋ ሊኖሩ ከሄዱ፣ የሞቱ ቀን የት እንቅበርዎ? እዚህ እናትዎ ጎን ወይስ ወዲያ ማዶ? ወይስ እናትዎን ወዲያ እንውሰድልዎ? እንዲህ ያለውን ነገር ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊት እንዴት አድርጎ እንደሚያነሱት ሳወጣና ሳወርድ፣ ታንያ ሞተሩን አስነሳች። "ቶሎ በይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" ሲሏት ሰማሁ። መኪናው አሸዋውን እያቦነነ ወጣ፣ ጥዶቹ ጋ ደርሶ ወደ ድልድዩ ታጠፈ።