መታወቂያ የማይጠይቀው ፕሮግራም፦ ለጋሽ ከድር

አላምንም። እየጻፍኩ እንኳ አላምንም። ዛሬ ጠዋት ከጅማ ተደውሎ "ጋሽ ከድር አረፉ" አሉኝ። ባለፈው ዒድ እኮ ስንስቅ ነበር፤ "አንቺ ልጅ፣ አሁንም ስታወሪ ትጮኺያለሽ?" አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ዛሬም እየጮኽኩ ነው የምጽፈው።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ጅማ ኮሌጅ ስገባ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጅማው ቦሳ አዲስ ሰፈር ልጅ፣ ውጭ ተምረው የተመለሱ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚያስኬዱ ሰው ነበሩ።

የነበረን አንድ ኮምፒውተር ነው። እሱንም የፓርቲ ጓዶች "ጥቅሙ አልታየም" ብለው አዲስ አበባ ሊወስዱት ተነሱ። ማሽኑ ከሄደ ትምህርቱ ይዘጋል፣ እኔም ወደ ታይፕ ክፍል እመለሳለሁ። ታይፕ ደግሞ ሞቴ ነበር።

"ጓዶቹ የሚረባ ነገር ካዩ ይተዉልናል" አሉን ጋሽ ከድር። መጋዘን የገባ ቡና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግለት የሚናገር ፕሮግራም ጀመርን። እኛ ጉደኞቹ "ጀንፈል ከሆነ እንዲህ፣ እሸት ከሆነ እንዲያ" እያልን ገጽ ሞላን። አይተው ራሳቸውን ያዙ።

"መታወቂያ መጠየቅ የኬላ ሥራ ነው። እናንተ ቡናውን 'ተዘጋጅ' ብቻ በሉት፤ እንዴት እንደሚዘጋጅ እሱ ያውቃል።"

ያኔ በኬላ እንዲህ ብሎ መቀለድ ምን ማለት እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። ሰው ሰምቶ እንደሆነ ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

ሐሳቡ ግን እንዴት ይጥማል! ቡና የሚባል አባት አለ፤ ጀንፈልና እሸት ልጆቹ ናቸው። ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ትእዛዙ ማን ጋ እንደደረሰ ይታይና የዚያው የራሱ አሠራር ይመረጣል። ከነቅርፊቱ የደረቀው ጀንፈል ይቀሸራል፣ ማለትም ቅርፊቱ በማሽን ይወልቃል፤ እርጥቡ እሸት ይፈለፈልና ይታጠባል። ያዘዘው ሰው ይህን ማወቅ የለበትም።

ቀኑ ደረሰ። ጓዶቹ ተደርድረው ተቀመጡ፣ እኔ ቁልፉን ተጫንኩ። ጀንፈል፦ ይቀሸራል። እሸት፦ ይቀሸራል።

አብራኝ የምትማረው፣ ከጅማ አጠገብ ከሰቃ የመጣችው ፋጡማ አፏን ያዘች። "ማሎ፣ ኧረ በአላህ፣ እርጥብ እሸት መቀሸሪያ ውስጥ?" ለካ እኛ እስከዚያ ቀን የሞከርነው በጀንፈል ብቻ ነበር፤ ደጃችን ያለው ቡና ሁሉ ጀንፈል ነዋ። ጓዶቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። "ኤዬ፣ ይኸው ነው፣ ቨርቹዋል የምትለዋን ቃል ዘላችኋታል።" ያቺ ቃል ከሌለች ማሽኑ ገና ከመነሻው በአባትየው ስም ወስኖ ይጨርሳል፤ ልጆቹን ዞር ብሎም አያይም። በአባትየው ስም የጻፍነው ደግሞ ልክ እንደ ጀንፈሉ መቀሸርን ነበር። አስገባናት፣ እንደገና ተጫንኩ። እሸት፦ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል።

የጓዶቹ ኃላፊ ግን አልለቀቀንም። "ነገ ሌላ ዓይነት ቢመጣስ? ሁሉንም እንደ አዲስ ልትጽፉ ነው?"

ጋሽ ከድር ወንበሩን ወደ እኔ ገፉት። ቅሽር የሚባል፣ ቅርፊቱ የወለቀለት ቡና፣ ሦስተኛ ልጅ አድርጌ ጨመርኩ፤ እሱ ብልሹው ተለይቶ ይለቀምለታል። ከድሮው አንድም መስመር አልነካሁም። ተጫንኩት፣ ሠራ። ፋጡማ በጓዶቹ ፊት እልል አለች። ማሽኑ ጅማ ቀረ፣ እኔም ከታይፕ ተረፍኩ።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ስልኩ ሲመጣ ክፍል ልገባ በሩ ላይ ነበርኩ። ልመለስ ብዬ አሰብኩና እንባዬን ጠርጌ ገባሁ፣ ይህንኑ የቡናውን ፕሮግራም አስተማርኩ።

ጋሽ ከድር፣ አንዲት ተማሪ "ገባኝ!" ብላ ከወንበሯ ስትነሳ ቢያዩዋት። እርስዎ በሞቱበት ቀን ደስ አለኝ፣ አፉ ይበሉኝ። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎት። ማሽኑን እርስዎ አስቀሩልን፤ እርስዎን የሚያስቀርልን ግን አጣን። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።