ጋሽ ግዛቸው ከመኪናው ስር ያዩት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እኔ ግን ጉዱን ያየሁት በግንቦት ነው፤ እዚሁ ቦንጋ፣ ጋሽ ግዛቸው ጋራዥ ውስጥ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

አስቀድሜ ቂሜን ልናገርና ይውጣልኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከቦንጋ ደካ የሚሠራ የጋሽ ሰብሃትን ሚኒባስ እነዳ ነበር። ያ ሚኒባስ ጎሚኒ ይበላል። ጎሚኒ ማለት ጎማውን በያዘው ክንድና በመኪናው አካል መሃል፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የምትገባው ላስቲክ ናት። በተቀየረች በሁለት ወሯ ትቀደዳለች። ጋሽ ሰብሃት ተማረሩና መካኒኩን ጠየቁ። ጋሽ ግዛቸውም እኔው በቆምኩበት፣ "መኪናው ምንም የለው። ሹፌሩ ነው፤ ጉድጓድ አያይም" አሉ።

የዚያኑ ቀን ቁልፍ አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው ውስጥ ስሜ "አባተ ሰባሪው" ሆኖ ቀረ፤ መኪና የሚሰጠኝም ጠፋ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔው ግን ከነሕይወቴ ነው የተቀበረው። ባጃጅ ይዤ ከከተማ የማልወጣ ሰው ሆንኩ።

ጋሽ ግዛቸውን ሰው ይወዳቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ልጠላቸው ሞክሬ አቅቶኛል። በወጣትነታቸው ከመንገድ ሥራ ካምፕ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የመፍቻውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡና በሽታውን ይነግሩሃል። እስከ ቢታ ገነት ያለው መካኒክ ሁሉ ከእጃቸው የወጣ ነው። ብቻ "ተሳስቻለሁ" ሲሉ የሰማ ሰው የለም። ጎሚኒ ሲቀደድ "የካፋ መንገድ ነው" ይላሉ፤ መንገዱ ደህና ከሆነ ደግሞ "ሹፌሩ ነው"።

ሩሀማ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። አባቷ ሲሞቱ የተዉላትን ቀይ፣ ባለሁለት በር የድሮ የስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ ይዛ መጣች። ውበቱ ውበት ነው፤ ሆዱ ግን መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። በመጋቢት ጎሚኒዎቹ አልቀው ኩርባ ላይ መዋለል ስለጀመረባት አዲስ አስመጣች። ማንሻው ክሪክ ከስሩ አልገባ ስላለ ስድስት ባጃጅ ነጂዎች ተጠርተን፣ ተሸክመን ግንድ ላይ አስቀመጥነው። ጋሽ ግዛቸው ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ አዲሶቹን ገጥመው ብሎኑን ባላቸው ኃይል ሁሉ አጠበቁት። "ክብደት ሳያርፍበት ነው የሚጠብቀው። መምህሬ እንዲህ ነው ያሳየኝ" አሉን። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሲያጠብቁ ኖረዋል።

በግንቦት መኪናው እንደገና ኩርባ ላይ እየዋለለ መጣ። እኔ ሌላ ጎሚኒ ከመናኸሪያ ተቀብዬ አምጥቼላት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጋሽ ግዛቸው ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ተቀዷል። ልጄ፣ ስትነጂ ጉድጓድ ማየት ነው" አሏት። ያችው ቃል! ደሜ ፈላ።

ሩሀማ ግን እንደ እኔ አንገቷን አልደፋችም።

"ጋሼ፣ የት ነዳሁትና? ሁለት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ነበርኩ። መኪናው ግቢ ቆሞ ነው የከረመው። ቆጣሪውን ይዩት።"

አዩት። ከተሠራ ወዲህ የሄደው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ጋሽ ግዛቸው ሁለት ጊዜ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት፤ የሚወቅሱት መንገድም ሹፌርም አጡ።

የገበያ ቀን ስለነበር መኪናውን የሚያነሳ ሰው አልተገኘም። ሰው እስኪመጣ ብሎኖቹን ላላላ ብለው መኪናውን ዘይት የሚቀይሩበት ጉድጓድ ላይ አቆሙትና ከስሩ ገቡ። እኔም ባትሪ ላበራላቸው ተከትዬ ወረድኩ። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ይዞ ቆሟል። ብሎኑ ገና ላላ ሲል፣ እሱ የሚያልፍበት የጎሚኒዋ የውስጥ ብረት ማንም ሳይነካው ቀጭ ብሎ በራሱ ዞረ። ሁለታችንም ደንግጠን ወደ ኋላ አልን።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩ።

ሌላኛውንም ብሎን ፈታ አደረጉት፤ የእሱም ብረት ዞረ። ከትከሻቸው ላይ ጨርቃቸውን አወረዱና እንደሚጨመቅ ልብስ ጠምዝዘው ያዙት።

"ተንጠልጥሎ ሳጠብቀው ላስቲኳ እዚያው ተያዘች" አሉ ቀስ ብለው። "መኪናው ሲወርድ ክንዱ ይነሳል፤ እሷ ትጠመዘዛለች። ቆሞ ሲያድር እንኳ ተጠምዝዛ ነው የምታድረው። በየት በኩል ትክረም?"

"እስከ ዛሬ እንዴት አላዩትም?"

"ሁልጊዜ አንስቼ ነዋ የምፈታው! አየር ላይ ምንም አይታይም። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አባተ! ያስተማርኳቸውስ?"

ሚኒባሱ ትዝ አለኝ፤ እሳቸውም ትዝ ብሏቸው ኖሮ ቀና ብለው አዩኝ።

"የሰብሃት ሚኒባስ" አሉ።

"አቤት።"

"አንተ አልነበርክም።"

በሐሳቤ ስንት ዓመት ስሰድባቸው ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ግን አንዲት ስድብ አልመጣችልኝም።

ከጉድጓዱ ወጡና ሩሀማን፣ "ነገ እጨርስልሻለሁ። ብሎኑን የማጠብቀው መኪናሽ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ዛሬ መሄጃ አለኝ" አሏት። ከዚያ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ባጃጄ ውስጥ ገቡ። "ሰብሃት ቤት ውሰደኝ። አንተ ባለህበት ነው የምነግረው።"

ወደ ድልድዩ ስንወርድ መንገዱ የተቦረቦረበት ቦታ አለ። እንደ ልማዴ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እያለፍኩ ሳላንገጫግጫቸው ወጣሁ።

"ጉድጓዱን ድሮም ታይ ነበር" አሉ ከኋላዬ።

አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይኸው ነበር። ጋሽ ሰብሃት ቤት ሳንደርስ ባጃጁን ዳር አቆምኩት፤ እንባዬ ዓይኔን ሞልቶት ጉድጓድ ማየት አልቻልኩም።