ሳይከፈት የቆየው ፊልም

ፊልሞቼ የሚቀመጡት እናቴ ጋቢ በምታስቀምጥበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለንም። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ዋና መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ፊቱ የእናቴ ሱቅ፣ ጀርባው አባቴ የሚሸምንበት ክፍል፣ መሃሉ ደግሞ የምንኖርበት። ሳጥኑን ስከፍተው የብል መድኃኒት ይሸታል። ከላይ ሦስት ጋቢ አለ፣ ከጋቢዎቹ ሥር ሃያ ስድስት ፊልሞች። ሁሉም የፈረንሳይ ናቸው። አብዛኞቹን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የሚያውቋቸው አይመስለኝም።

እነዚህን ፊልሞች የሚያወጡ ትናንሽ አሳታሚዎች አሉ። ከአንድ ምድር ቤት የተረሳ ፊልም ያገኙና አጽድተው በጥቂት ቅጂ ብቻ በዲስክ ያትሙታል። ጠንካራ ካርቶን ይሠሩለታል፣ ስለ ፊልሙ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ያስገቡበታል፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩን በእጃቸው ይጽፉበታል። ካለቀ አለቀ። ደግመው አያትሙትም፤ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉትም አይገኝም።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ግን አዲሱ ገበያ ነው። አንድ ፊልም የሚያከራይ ሱቅ ሲዘጋ ባለቤቱ ዲስኮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አውጥቶ አስፋልት ዳር ደረደራቸው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ እማር ነበር። መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ተማሪ ነበርኩ። ከክምሩ ውስጥ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት አንድ ዲስክ ሳነሳ ሰውዬው አየኝና፣ «እሱን ማንም ተከራይቶት አያውቅም፤ ውሰጂው» አለኝ። ቤት ወስጄ አየሁት። ሰዎቹ ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ለምን ዝም አልሽ ብሎ የሚነዘንዛቸው ሰው የለም። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት።

ከተመረቅሁ በኋላ አንድ የትርጉም ቢሮ ገባሁ። የልደትና የጋብቻ ወረቀት ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ከደሞዜ የሚተርፈው ለፊልሞቹ ነው። የምታመጣልኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ እሷ የበረራ አስተናጋጅ ሆናለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ከፓሪስ ሽቶ ያስመጣል፣ አንቺ ካርቶን!» ትለኛለች ሁልጊዜ። «ትናንት ፍተሻ ላይ ‹ምንድን ነው?› ሲሉኝ ‹የጓደኛዬ ነው፣ ትንሽ ያማታል› አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹እግዜር ይማራት› ብለው አሳለፉኝ።»

ስለ አንድ የሸማኔ ፊልም ለአባቴ የነገርኩት አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ዜናውን ያነበብኩት ኢንተርኔት ላይ ባለ የፊልም ሰብሳቢዎች ገጽ ነበር። እዚያ ገጽ ላይ ምንም አልጽፍም፤ ሌሎቹ የሚጽፉትን ብቻ አነባለሁ። በሰሜን ፈረንሳይ ያለ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ የመጨረሻ ሸማውን ሲሠራ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ተገኝቶ በዲስክ ሊወጣ ነው ይላል።

«ሸማኔ? ፈረንሳይ አገር?» አባቴ መወርወሪያውን እንደያዘ ቆም አለ።

«አዎ። አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ። ሸማ ሲሠራ ነው የሚያሳየው፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

ትንሽ ሠራና መልሶ ቆመ። «እንደኛ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ይከታል ወይስ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው?»

«አላየሁትም እኮ አባዬ፣ ገና ማዘዜ ነው።»

«እሺ፣ ይምጣና እናያለን።»

አባቴ በልጅነቱ ከደቡብ ተራሮች ከአጎቱ ጋር መጥቶ ነው ሽሮ ሜዳ የቀረው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ለምግብ፣ ለእንቅልፍና ለቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ፊልሞቼ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እናቴ «ይሄ ሁሉ ካርቶን ምን ይሠራልሻል?» ስትለኝ «ተያት፣ የራሷ ነው» ከማለት በቀር። ከእኔ የሆነ ነገር ሲፈልግ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ፊልሙ ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጣ። ጓደኛዬ ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጠኝ በስስ ላስቲክ እንደታሸገ ነው። ጀርባው ላይ ቁጥሩ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ቤት ገብቼ ላስቲኩን ልቀድ ጥፍሬን ጠርዙ ላይ አደረግሁና እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ለማስረዳት ስለ ሱቃችን መናገር አለብኝ። እናቴ ነጠላ ስታጥፍ ጥለቱ ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጋ ነው። ገዢ ጥለቱን ያያል፣ ጫፉን በጣቱ ያሻል፣ ይከራከራል። እጥፉ የሚፈታው ሊገዛ ከቆረጠ በኋላ ብቻ ነው። አንዴ ከተፈታ መልሰው ቢያጥፉትም ያስታውቃል፤ ገዢ «ይሄማ ተለብሷል» ይላል። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንዱን ነጠላ ፈትቼ ለብሼ መስታወት ፊት ስዞር እናቴ አገኘችኝ። አልመታችኝም። መሬት ቁጭ ብላ እጥፉን ልትመልሰው ደጋግማ ሞከረች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አየኋት። አልተመለሰም። ያ ነጠላ ሳይሸጥ ብዙ ዓመት መደርደሪያው ላይ ከረመ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየው ነበር።

ከሃያ ስድስቱ ፊልሞች፣ የሸማኔውን ጨምሮ፣ ዘጠኙ ተከፍተው አያውቁም ነበር። ውዶቹን፣ ዳግም የማይገኙትን እንደታሸጉ አቆያቸዋለሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ልሸጣቸው አስቤ አላውቅም። የሸማኔውንም ከጋቢዎቹ ሥር አስገባሁት።

«ለመስቀል እናየው፣ ለበዓሉ» አለ አባቴ።

በመስቀል ሥጋው ከተበላ፣ እንግዶቹም ከሄዱ በኋላ አባቴ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። «በይ እስቲ ሰውዬውን አምጪው» አለኝ።

«አባዬ፣ የዴኩ ሌንስ አቧራ ይዟል። ዲስኩን ይጭረዋል። ላስጠግነውና እናያለን።»

ዴኩ ደህና ነበር። አባቴ ግን የዕቃ ነገር ሲነሳ የሚከራከር ሰው አይደለም። «ልክ ነሽ። በተበላሸ ዕቃማ አይጀመርም፣ ይጠገን» አለና ተነሳ። ጋቢውን አጣጥፎ ለእናቴ ሲሰጣት አየሁት።

በዚያው ዓመት ዓይኑ ይደክም ጀመር። መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት። ለአንዲት ሙሽራ የታዘዘ ቀሚስ ጥለት ውስጥ፣ ሰማያዊ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ገብቷል።

«ይሄ አረንጓዴ ከየት መጣ?»

«ፋሽን ነው» አለ አባቴ እየሳቀ።

«የማን ፋሽን? ሙሽራዋ እኔን ነው የምትገድለኝ!»

እኔም መወርወሪያውን ሲቀበል ራሱን ወደ አንድ ጎን እንደሚያዞር አይቼ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

ሐኪም ቤት ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «የዓይን ግፊት ነው፤ ቆይቶባቸዋል። የጠፋውን አንመልሰውም። የቀረውን ለማቆየት እንሞክር» አለችኝ። ጠብታ ሰጠችን። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚያይ አልጠየቅሁትም። በዚያ ሳምንት ፊልሙን እንደምከፍተው ለራሴ ነገርኩት።

አልከፈትኩትም። አንዱ ምክንያት፣ ላስቲኩን መቅደድ «ከእንግዲህ አታይም» ብሎ መንገር መሰለኝ። ሌላው ምክንያት ያሳፍራል። አሳታሚው ቅጂው ማለቁን አስታውቆ ስለነበር፣ የእኔ እንደታሸገ መቅረቱ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ ሳጥኑን ከፍቼ አየውና እዘጋዋለሁ። በዚያው ሰሞን የሰብሳቢዎቹ ገጽ ላይ አንዳንዶቹ የሸማኔው ፊልም ዲስኮች ሲታተሙ ችግር እንደገጠማቸው፣ አሳታሚውም እየቀየረ እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ አነበብኩ። የእኔ አልተነካም፤ ያልተነካ ነገር ምን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው መስቀል አባቴ ጋቢውን አልለበሰም። «ዴኩ ተጠገነ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

«ገና ነው።»

«አይ የዛሬ ጠጋኞች!»

ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት መጨረሻ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተቀመጠ እግሩን ሳያስገባ እናቴን ጠራት። «መብራት ጠፍቷል እንዴ?» አላት። አራት ሰዓት አልፏል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይ ጉልበቱ ላይ አርፋለች። እናቴ እኔን አየችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ላስቲኩን ስቀደው ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸብኝ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለ አባቴ።

«ፊልሙ ነው አባዬ። ሸማኔው።»

«ተጠገነ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ፊልሙ ጀመረ። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። የቤት ውስጥ ድምፅ፣ የእንጨት ድምፅ፣ የሰውዬው ሳል። እኔ የማየውን እነግረዋለሁ፤ ሰነዶቼን እንደምተረጉመው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

«ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። አግዳሚ ወንበር ላይ። እግሩ ከታች መርገጫው ላይ ነው።»

«ጉድጓድ የለውም?»

«የለውም።»

«ወገቡን ያመዋላ» አለ አባቴ፣ ከልቡ አዝኖለት።

ከዚያ መናገሬን እንድተው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። የእንጨቱ ምት እኩል ይሄድ ይሄድና አንድ ጊዜ ቆመ። «ድሩ ተበጠሰበት» አለ አባቴ። እኔ ገና ምንም አላየሁም። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ክር ሲፈልግ ታየ። አባቴ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጣቶቹን አፋትጎ የሌለ ክር ቋጠረ። ምቱ ሲመለስ «ጎበዝ» አለው።

አርባ ደቂቃ ገደማ ላይ ምስሉ ተሰባበረና ቆመ። የሰውዬው እጅ መወርወሪያውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ዲስኩን አውጥቼ በነጠላ ጫፍ ጠረግሁት። ከመጀመሪያ አስጀመርኩት። ወደ ፊት አሳለፍኩት። ሁልጊዜ እዚያው እጅ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዴኩ ጨርሶ አያነበውም።

«ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

«ዲስኩ ነው። አልሠራ አለ።»

«ሸማውን ጨረሰው?»

«አላውቅም አባዬ።»

ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አርሜ ነው የላክሁት። ባለ ሁለት መስመር መልስ መጣ፤ ችግሩ ይታወቃል፣ በመጀመሪያው ዓመት ላመለከቱ ሁሉ ተቀይሮላቸዋል፣ አሁን በእጃቸው አንድም ቅጂ የለም፣ ያዝናሉ። ጓደኛዬ «በቃ፣ ከሰው ላይ እንገዛለን» ብላ ፈለገችልኝ። ከብዙ ወራት በኋላ የሚሸጥ አንድ ሰው ተገኘ፤ «እሽጉ ያልተነካ» ይላል። ዲስኩ ከተቀየሩት አንዱ መሆን አለመሆኑን እንዲነግረኝ ጻፍኩለት። ከፍቶት ስለማያውቅ እንደማያውቅ፣ ሊከፍተውም እንደማይችል መለሰልኝ። ጓደኛዬ ሰደበችው። እኔ ግን አልፈረድኩበትም።

የቀሩትን ስምንት ፊልሞች በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከፈትኳቸው። ስምንቱም ይሠራሉ። አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ተደራርበው ሳጥኑ ውስጥ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አላስመጣሁም።

አባቴ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እጁ መንገዱን ስለሚያውቅ ጥለት የሌለው ነጭ ሸማ ይሠራል። እናቴ ድሩን ትዘረጋለታለች፣ ክር ሲበጠስ ጠርቷት ትቀጥልለታለች፣ ሸማው ሲያልቅ አጥፋ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ታስቀምጠዋለች። ማንም አንስቶ አያየውም። አንዳንዴ አባቴ ሥራ መሃል ቆም ይልና ወደ እኔ ድምፅ ዞሮ፣ «ያ ሰውዬ ጨረሰው ይሆን?» ይለኛል።

«አላውቅም» እለዋለሁ።

«ጨረሰ በይው፣ ምን አለበት?» ትለኛለች እናቴ ሱቁ ውስጥ በሹክሹክታ። አልችልም። ስለ ዴኩ ዋሽቼዋለሁ፤ ያ ይበቃኛል።

ባለፈው ሳምንት ጥያቄውን ራሱ መለሰው። መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ወንበር ላይ ተቀምጦማ አይጨርሰውም» አለኝ። «ወገቡ አይችልም።» ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።