ያልገባችው

በዚያ ከተማ ሰው ሲገናኝ «ደህና ነህ?» ከማለቱ በፊት «ገብተሃል?» ነው የሚለው። የት ተብሎ አይጠየቅም፤ መግቢያ የሚባል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የባሕር ማዶ ሰዎች የተከሉት የጎማ ፋብሪካ። ልጁን ለትዳር የጠየቁት አባት የሙሽራውን ዘር ትቶ «ገብቷል ወይ?» ይላል። ገብቷል ከተባለ ሰካራምም ቢሆን ይድርለታል። ያልገባ ግን መልአክ ቢመስል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሐኪሙ የሚያክመው የገቡትን፣ ፀጉር አስተካካዩ የሚላጨው የገቡትን ነው፤ ሌባው እንኳ የሚሰርቀው ከገቡት ነው።

እሷን ታዲያ ከተማው «ያልገባችው» ብሎ ጠራት። ሰንፋ አይደለም፤ ደጋግማ ሞክራለች። ያስቀራት ቁመቷ ነው። ማሽኑ የተሠራው በረጃጅሞች አገር ስለሆነ እጀታው ጋ ለመድረስ መዝለል ነበረባት፤ ፈታኙም «እህቴ፣ ይሄ ፋብሪካ ነው እንጂ የስፖርት ሜዳ አይደለም» ብሎ መለሳት። ከወሬኞቹም ክፉ ክፉው «ያልገባችው» ማለቱን ትቶ «ያልገባት» ይላት ነበር፤ ነገር የማይገባት ለማለት።

ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለው የታላቅ ወንድሟ ቤት፣ ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍል ይዛ የስፌት መኪናዋን ተከለች። የረጃጅሞቹ አገር ለሠራተኛው የሚልከው ሰማያዊ ቱታም እንደ ማሽኑ ነው፤ ሱሪው መሬት ይጠርጋል፣ ሲጨባበጡ የሚገናኘው እጅ ሳይሆን እጅጌ ነው። ቱታ የተሰጠው ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ።

«እስከ የት ልቁረጠው?»

«ሰው እስክመስል።»

እየቆረጠች፣ እየቀመቀመች፣ ወሬውንም እየለቀመች ኖረች። እንግዲህ ያልገባችው ብትባልም ጉርሷ የሚመጣው ከዚያው በር ነበር።

አንድ ቀን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በልክ የተሰፋ ቱታ አስመጣ። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጠዋት ሰው መሰለ፤ የእሷ ክፍል ጭር አለ።

የወንድሟ ሚስት ገብታ ጎማ የምትቆጥር፣ ምላሷ ከመቀስ የሰላ ሴት ናት። «ከእንግዲህ ይቺ መኪናሽ ጌጥ ናት» አለቻት። «ለጽዳት ሰው ይፈልጋሉ፤ መጥረጊያ ቁመት አይጠይቅም። ግቢ። ክፍሉን ደግሞ ለገባ ሰው እናከራየዋለን።»

«እትዬ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ጊዜማ ሞልቶሻል፤ ሥራ ነው ያጣሽው።»

ሚስቱን የሚፈራው ደጉ ወንድም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «እስከ ወሩ መጨረሻ» አለ።

ከበሩ ውጭ ጎማ ለመጫን ተራ የሚጠብቁ ከባድ መኪናዎች ይሰለፋሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ሹፌር ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ እንደ ሸርጣን በጎን እየሄደ ወደ ክፍሏ ገባ። የወንበሩ ሽቦ ሱሪውን ከኋላ ቀዶታል። አንሶላ አገልድማ አስቀመጠችውና ሱሪውን ሰፋች።

«ነገም ይቀደዳል» አለችው። «መሰፋት ያለበት ቀዳጁ ነው።»

ለዓመታት የቆረጠችው የሱሪ እግር በከረጢት ታጭቆ ነበር። ከዚያ ቀጣጥላ የወንበር ልብስ ሠራችለት፤ ዳር ዳሩን ቀይ ዘርፍ። ሹፌሩ ተቀመጠበትና «በሠርጌም ቀን እንዲህ ተመችቶኝ አልተቀመጥኩ» ብሎ ሄደ። ሳይቆይ ሌላ ሹፌር መጣ፤ ከዚያም ሌላ።

ይሁንና ወሩ አለቀ። ጎረቤት ገና ከአሁኑ «እንኳን ገባሽ» ይላታል። ሦስትና አራት ሹፌር ይዞ ክፍል አይያዝም ብላ ወደ ቅጥር ክፍል ሄደች። የቅጥሩ ኃላፊ በቃሉ ያነበንብላት ጀመር። «ውሉ የሦስት ወር ነው። ከባሕር ማዶ ትእዛዝ ከቀነሰ ይቋረጣል። እዚህ እየሠራሽ ሌላ ሥራ መያዝ ክልክል ነው፤ ስፌትም ቢሆን።» በመስኮቱ አሻግራ የራሷን በር አየች። አንድ ሹፌር የተቀደደ ወንበር ታቅፎ ያንኳኳል።

«ገባሽ?» አላት ሰውየው።

«ገብቶኛል። ስለገባኝም አልገባም።»

ከተማው ሳምንት ሙሉ ሳቀባት። የወንድሟ ሚስት «በር ተከፍቶላት መስኮት አይታ የተመለሰች» እያለች ለጎረቤቱ አደለችው። እሷ ግን ወንድሟን ለብቻው ያዘችው።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ለተከራይ ከሆነ ተከራዩ እኔ ልሁን።»

ወንድም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ሳያማክር «እሺ» አለ፤ ከዚያም ቶሎ ብሎ ከቤት ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ባሕር ማዶ ጎማ የሚገዛ ጠፋና ፋብሪካው «ለጊዜው» ተብሎ ተዘጋ። የገባው ሁሉ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ፀጉር ሲያስተካክል ዋለ። ከባድ መኪናም ቀረ፤ ጎማ ከሌለ ምን ሊጭን ይመጣል? ያልገባችውም ሥራ በሌለው መቀስ ጥፍሯን እየቆረጠች «ጉድ ሠራሁ እንዴ?» አለች ለራሷ።

አንድ ጠዋት የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ከተማው ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ ፋብሪካው በር ሮጠ። መኪናው ሲሚንቶ ጭኖ ነበር። በሩን ቀና ብሎም ሳያይ አለፈና ተጠምዝዞ ከወንድሟ ቤት ፊት ቆመ።

«የወንበር ልብስ የምትሰፋዋ እዚህ ናት?» አለ ሹፌሩ። «ለእሷ ስል ከዋናው መንገድ ወጥቼ ነው የመጣሁት። ጓደኞቼም ከኋላ አሉ።»

ከኋላው እህል የጫነ፣ ብረት የጫነ፣ ባዶውን የመጣ ተሰለፈ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ የወንድሟ ሚስት መቀስ አነሣች።

«መቁረጥ አያቅተኝም» አለች ፊቷን አዙራ።

«እሱንማ ማን ያጣዋል፣ እትዬ? ግቢና ተቀመጪ።»

ሁለተኛ የስፌት መኪና ገባ፤ ሦስተኛው መጥቶ ሳሎኑን ያዘ። ከሥራ የወጡ ሴቶች መጥተው መርገጫ ረገጡ። ፋብሪካው በኋላ ሲከፈት ወንድም ወደዚያው ሥራው ተመለሰ፤ ሚስቱ ግን «ጎማው ራሱን ይቁጠር» ብላ ቀረች።

አንድ ቀን ወንድም ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ከጨርቅ በቀር የሚታይ የለም። እንደ ምንም ሰርስሮ አንድ ጥግ አገኘ፤ እፎይ ብሎ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርታህን፣ ተነሥ» አለችው እህቱ መርፌ በከንፈሯ ይዛ። «የሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥከው።»