አባ የፈተኑት ስልክ

ባለፈው ክረምት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ «ነዳጅ በዚህ ዋጋ እየገዛሁ ባዶ ወንበር ይዤ አልወጣም» ብሎ ሞተሩን አጥፍቷል። ወንበሩ እስኪሞላ ጊዜ ለመግፋት ብዬ አዲሱን ስልኬን አጠገቤ ለተቀመጡት ቄስ አሳየኋቸው።

«እኔም ለልጄ ልገዛላት አስቤ ነበር» አሉኝ። «የዛሬ ስልክ ግን እንደ እንቁላል ነው ይሉኛል። ይኼስ ቢወድቅ አይሰበርም?»

«ኧረ አባ፣ ይኼ ብረት ነው! ከፈለጉ ይሞክሩት» አልኳቸው፣ የምር ይሞክሩታል ብዬ ሳላስብ።

አባ ስልኩን ተቀብለው ወረዱና ከደረታቸው ከፍታ ኮብልስቶኑ ላይ ለቀቁት። ልቤ አብሮ ወደቀ። ዘልዬ ወርጄ አነሳሁት፤ ጭረት እንኳ የለውም! ተሳፋሪው በሳቅ አጨበጨበ። አባም «እውነትም ብረት ነው፣ እገዛላታለሁ» አሉ። እኔማ ደረቴን ነፋሁ።

ይኼኔ ጭብጨባውን የሰሙ ሁለት ሴቶች የገበያ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ እየሮጡ መጡ።

«ምንድን ነው? እኛ እኮ አላየንም!»

«ታዲያ ምን ችግር አለ?» አልኩና እጄን ከራሴ በላይ ዘርግቼ ለቀቅኩት።

መስታወቱ እንደ በረዶ ተበተነ። አባ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን በመዳፋቸው ለቀሙና በሐዘን አዩኝ።

«ልጄ፣ ለእኔ እኮ የመጀመሪያው በቂ ነበር።»